ሁለተኛውን ዲስክ ማን አጠበው

ኤቫሪስቶ ኪያላ የተገኘው ከቆጡ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እግሩ መሰላሉ ላይ እንደተሰቀለ ነው። መነጽሩ አልተሰበረም። ጭንቅላቱ ግን በኋላው በኩል የሲሚንቶውን ወለል መትቶ አልተረፈም። ሲገኝ ዓርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መቶ አለቃ ሚግዳሊያ ታማዮ ጣቢያ ስትገባ ነገሩ አልቆ ጠበቃት። ሻምበል ሶካራስ የክሱን ወረቀት አስተይቦ፣ የእሷ ፊርማ ብቻ ሲቀረው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦታል። ተከሳሽ ያኒሴት ኪያላ፣ የሃያ አራት ዓመት ፀጉር ሠሪ፣ የሟች የወንድም ልጅ። ምክንያቱም ቤቱ ለእሷ እንዲቀር ብላ ነው ይላል።

«ፈርሚ» አላት ሻምበሉ። «ስድስት ሰዓት ላይ ከዐቃቤ ሕግ መኪና ይመጣል። ልጅቷ ትሄዳለች፣ እኛም ቅዳሜያችንን እናገኛለን።»

«ስትገድለው ያየ አለ?»

«የለም። ግን ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ሰውየው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ በሕይወት ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተጽፏል። አዲስ የገዛውን ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ፎርማት አድርጎ የጨረሰው በዚያ ሰዓት ነው። ልጅቷ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገባች፣ አንድ ሰዓት ላይ ጮኸች። በመሃል የወጣም የገባም የለም። የሰውየው ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተቀዷል፣ አንድ የሸሚዙ ቁልፍ ቆጡ ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ ተገፍቷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል አለ። ይስማማል።»

«ፎርማት ማድረግ ማለት ምንድን ነው?»

ሻምበሉ ሳቀ። «ሚግዳሊያ፣ ይሄ የማሽን ነገር ነው። አንቺን አያስፈልግሽም።»

አያስፈልግሽም። ሚግዳሊያ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጋር ስትጠቀልል የኖረች ሴት ናት። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጣቢያው በሙሉ ይህን ያውቃል፣ ሲያሰኘውም ያነሳባታል። የእሷ ንዴት ፊቷ ላይ አይወጣም፤ ወደ እግሯ ነው የሚወርደው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?»

«የማያስፈልገኝን ልጠይቅ ነዋ።»

ያኒሴት ታስራ የነበረችው ከጓሮ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ግድግዳውን ትመለከታለች።

«ለሦስት ሰው ተናግሬያለሁ» አለች ሳትዞር። «አራተኛዋ ነሽ። ሦስቱም ያላልኩትን ነው የጻፉት።»

«እኔ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ንገሪኝ።»

«ከሥራ ገባሁ። ሩዝ ጣድኩ። ቆጡ ላይ የማሽኑም የማራገቢያውም ድምፅ ይሰማል፤ እየሠራ ነው ብዬ ተውኩት። ሲሠራ ከተናገሩት ይቆጣል። በእኔና በመሰላሉ መሃል መጋረጃ አለ። አንድ ሰዓት ላይ ሳህኑን ይዤ መጋረጃውን ስገልጥ...» ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ይልቁንም ጠነከረ። «እጁን ያዝኩት። በረዶ ነው። በዚህ ሙቀት፣ ድስቴ እንኳ ከእሳት ካወረድኩት በኋላ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ የሃያ ደቂቃ ሬሳ እንደዚያ ይቀዘቅዛል? ይሄን ስናገር ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። መዝግብ አልኩት። 'ድንጋጤ ነው' አለኝ።»

ሚግዳሊያ ጻፈች። ቀስ ብላ፣ ፊደሉን እየለቀመች፣ ግን ጻፈች።

«ከአጎትሽ ጋር የተጣላ ሰው አለ?»

«መምህር ባሮ ሐሙስ ማታ በሩን ወርውሮ ወጥቷል፤ ስለ አዲሱ ዲስክ ተጨቃጭቀው ነው። እነሱ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ። ከእሱ በፊት ግን ሌላ ሰው መጥቶ ነበር። ስደርስ ሄዷል፣ አጎቴ ለብቻው ቆሞ ይጮሃል። 'አንዲት ሴኮንድ አልቆርጥም' ይላል።»

«ከምን ላይ ነው የማይቆርጠው?»

«አልነገረኝም። ሥራው የልጃገረዶች የአሥራ አምስት ዓመት ድግስ መቅረጽ ነው። ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ይሄን ቁረጥልኝ፣ አክስቴ ሰክራለች፣ ባሌ ከሌላ ሴት ጋር ሲደንስ ታይቷል ይላል። እሱም ስቆ ይቆርጣል። እንደዚያ ቀን ሲናደድ አይቼው አላውቅም።» ከዚያ ዞር አለች። «ስድስት ሰዓት ላይ ትወስጂኛለሽ አይደል?»

«ስድስት ሰዓት ገና ነው» አለቻት ሚግዳሊያ።

ቤቱ ከማሌኮን፣ ከሃባና የባሕር ዳር መንገድ፣ ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ፎቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ በእንጨት ቆጥ ሠርቶ ይኖርበታል። በሩ ላይ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኤኔይዳ ወንበሯን ዘርግታ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ክፍሏ ከኤቫሪስቶ ክፍል በታች ነው።

«እሷ ናት» አለች ኤኔይዳ ሳትጠየቅ። «በዓይኔ ነው ስትገባ ያየኋት። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

«ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊትስ የት ነበሩ?»

«መብራት ጠፍቶ ምን ልሆን እዚህ ልቀመጥ? ጓሮ ነበርኩ፣ በካርቶን እያራገብኩ። ከሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከአርባ ነው ያጠፉብን። ሬዲዮኑን አልዘጋሁትም ነበርና ሲመጣ ሰዓቱን ሲናገር ሰምቻለሁ።»

«ሲመጣ ሌላ ምን ሰሙ?»

«ምን እሰማለሁ ልጄ፣ ሕዝቡ ሁሉ 'መብራት መጣ' ብሎ ሲጮህ። ከየበረንዳው፣ ከየመስኮቱ። እኔም ጮኬያለሁ፣ የማይጮህ ማን አለ? ከላይ ብቻ አንድ ነገር እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ዱብ አለ። በደስታ የዘለለ ሰው ነው ብዬ ስቄአለሁ።»

ሚግዳሊያ ማስታወሻዋን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። «ይሄን ትናንት ለማን ተናገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ? የጠየቁኝ ልጅቷ መቼ ገባች ብለው ነው።»

«ሐዘን ላይ ነዎት?»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ። «ወንድሜ ኒካኖር። ሦስት ሳምንቱ። የልጅ ልጄ አሥራ አምስት የሞላት ቀን ነው፤ ልጅቷ ክፍት መኪና ላይ ቆማ መንገዱን ስትዞር፣ እሱ ሊያያት ወደ ማዕዘኑ ወጣ። አንድ ሞተር ገጨውና አመለጠ። ማን እንደሆነ ዛሬም አይታወቅም፤ እናንተም አላገኛችሁት። ድግሱን የቀረጸው ኤቫሪስቶ ነው፣ ከላይ ከክፍሉ በረንዳ ላይ ቆሞ። ቪዲዮውን ስጠኝ ስለው ታገሺ፣ ታገሺ እያለ ሞተብኝ።»

መቶ አለቃዋ ደረጃውን ወጣች። ያስጠራችው መምህር ሌአንድሮ ባሮ በር ላይ ይጠብቃታል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ረጅም፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነው። ዓርብ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሞ እንደነበር ሳትጠይቀው ነገራት።

«ሐሙስ ከሟቹ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«በፋይል ሲስተም። ጓድ መቶ አለቃ፣ ይሄን ማስረዳቱ ትንሽ ያስቸግራል...»

«ችግሩን ለእኔ ተወው። እንደ ሰው ንገረኝ።»

መምህሩ ተነፈሰ። «እሺ። አዲስ ዲስክ ባዶ መጋዘን ነው። ዕቃ ከማስገባትሽ በፊት መደርደሪያ ትሠሪበታለሽ። ፎርማት ማድረግ መደርደሪያውን መሥራት ነው፣ ፋይል ሲስተም የሚባለው የመደርደሪያው ዓይነት ነው። አሮጌ መደርደሪያ ካለ ይፈርሳል፤ ዕቃውም አብሮ ይሄዳል።»

«ስንት ዓይነት አለ?»

«እዚህ ሰፈር ሦስት በይው። እኔ የሊኑክሱን አድርግ አልኩት። እሱ የሚሠራውን አስቀድሞ ማስታወሻ ይይዛል፣ መብራት በመሃል ቢጠፋ እንኳ የት እንደቆመ ያውቃል። ኤቫሪስቶ ደግሞ ቪዲዮ የሚሠራበት ፕሮግራም ከዊንዶውስ ውጭ ስለማይሄድለት የዊንዶውሱን ይሻለኛል አለ። የመጀመሪያው ዲስኩ ሞልቶ ነበር፣ ሲሠራም እየተንኳኳ ነው፤ ሊሞት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ላይ የሚያደርገው ምርጫ ቀልድ አልነበረም። አንዱን ሳይወስን ተናድጄ ወጣሁ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ፋት 32። አሮጌው። እሱን ኤቫሪስቶ ሊሰማም አልፈለገም።»

«ለምን?»

«አንድ ፋይል ከአራት ጊጋ ከበለጠ አይቀበልማ። መጋዘኑ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ፣ የመደርደሪያው አንድ ክፍል ከአራት ክንድ አይረዝምም። ኤቫሪስቶ ሊያስቀምጥ የፈለገው ቪዲዮ አሥራ አንድ ጊጋ ነበር። የአሥራ አንድ ክንድ ጣውላ በአራት ክንድ ክፍል ካልተቆረጠ አይገባም።»

«ለምን አይቆርጠውም?»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። ሦስት ቦታ ቁረጠውና ተገላገል አልኩት። ዓይኑ ደም ለበሰ። 'እንደወጣ ነው የሚቆየው' አለኝ፣ 'ቆርጠህ ቀጥለኸዋል የሚል አፍ እንዳይኖር'። ስለ ልደት ድግስ እንዲህ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሚግዳሊያ መሰላሉን ያዘች። «ና፣ ስክሪኑን አንብብልኝ።»

ቆጡ ላይ የጣቢያው ቴክኒሺያን ተቀምጦ ያዛጋል። ስክሪኑ ትናንት እንደነበረ ነው፤ አንድ ትንሽ መስኮት መሃሉ ላይ ተከፍቷል። መምህሩ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይሄ አይሆንም» አለ።

«ምኑ?»

«ፋት 32 ነው የተደረገው። አንድ ቴራ ዲስክ ላይ። ዊንዶውስ ራሱ ለዚህን ያህል ዲስክ ይሄን ምርጫ አይሰጥሽም። ይህች ለብቻዋ የምትገኝ ትንሽ ፕሮግራም ናት።»

ቴክኒሺያኑ ማዛጋቱን ተወ። ጥቂት ፈለገና፣ «ማሽኑ ውስጥ የለችም» አለ። «መስኮቷ ተከፍቷል፣ እሷ ግን የትም የለችም። ከፍላሽ ነው የተነሳችው፤ ፍላሹ ተነቅሏል።»

«ሌላም አለ» አለ መምህሩ። «ፎርማት ሁለት ዓይነት ነው። ፈጣኑ ደቂቃ አይሞላም፣ አዲስ ዲስክ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው። ዘገምተኛው ግን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያጥበዋል። ከዚያ በኋላ ምንም መልሰሽ አታወጪም። እዚህ የተደረገው ዘገምተኛው ነው። ያለቀው አሥራ ሁለት ከአርባ፤ ከላዩ ደግሞ የፈጀው ጊዜ ተጽፏል።»

«ስንት ይላል?»

«ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።»

ሚግዳሊያ በጣቷ ቆጠረች። አንዴ፣ ከዚያም እንደገና። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ። ሻምበሉ የታችኛውን መስመር አንብቦ የላይኛውን ትቶታል። በዚያች ባልተነበበች መስመር ምክንያት አንዲት ልጅ ጠባብ ክፍል ውስጥ አድራለች። የመቶ አለቃዋ እግር መሬቱን መምታት ጀመረ።

«ይሄ ማሽን» አለች ለቴክኒሺያኑ፣ «እኔ ጋ ማን መጣ ብሎ አይመዘግብም?»

«የሰው ስም አያውቅም። የሚሰካበትን ፍላሽ ቁጥር ግን ከነሰዓቱ ይይዛል። መዝገቡ ያለው የመጀመሪያው ዲስክ ላይ ነው፤ እሱ አልተነካም።»

«የትናንቱን ፈልግልኝ። ቀድመህ ብትፈልገው ማን ይጎዳ ነበር?»

«ማንም አላዘዘኝም» አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ።

ሚግዳሊያ ከመውጣቷ በፊት ያኒሴት ወደምትሠራበት ፀጉር ቤት ደወለች። ባለቤቷ ሴት በጩኸት ነበር የመለሰችላት። መብራት ሲመጣ ያኒሴት የአንዲት ደንበኛ ጭንቅላት ካስክ ውስጥ እየከተተች ነበር፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓትም ከዚያ አልወጣችም። ይህንንም ቢሆን እስካሁን የጠየቀ አልነበረም።

በሰፈሩ ከኤቫሪስቶና ከመምህሩ ሌላ በዲስክ የሚሠራ ማን አለ ብላ ስትጠይቅ የተነገራት ስም ኦስሜል ካርቦኔል ነው፤ ሱቁ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ነው። በየሳምንቱ ከእጅ ወደ እጅ በዲስክ የሚዞረውን የፊልምና የድራማ ጥቅል ለሰፈሩ የሚገለብጠው እሱ ነው። ከበሩ ፊት ሞተሩ ቆሟል። ቀለሙ ሁሉ በፀሐይ የገረጣ ነው፣ የፊት ፓራፋንጎው ግን ቀይ፣ የሚያበራ። ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ «የጠፋ ፎቶ መልሰን እናወጣለን» ይላል።

«ግቢ ነፍሴ» አላት ኦስሜል። አንገቱ ላይ ፍላሽ በማሰሪያ ተንጠልጥሏል። «የቱርክ አለኝ፣ የኮሪያ አለኝ፣ ፖሊስ ፖሊስን የሚያሳድድበትም አለኝ።»

«ኤቫሪስቶን ታውቀዋለህ።»

«ማን የማያውቀው አለ? ምስኪን። ያቺ ልጅ ዓይኗ ሁልጊዜ ቤቱ ላይ ነበር።»

«መጨረሻ ወደ ቆጡ የወጣኸው መቼ ነው?»

«ሰኞ። ከዚያ ወዲህ አልረገጥኩም። ዓርብ ደግሞ ከአሥር ተኩል እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ማዕዘኑ ላይ ዶሚኖ ስጫወት ነበር። ስምንት ሰው ይመሰክራል። ሰባቱን አሸንፌያቸዋለሁ፣ ስምንተኛው ያጭበረብራል።»

ሚግዳሊያ ፈገግ አለች፤ ስትናደድ አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋታል። «ዲስክ ልገዛ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ልሰካው። የትኛው ዓይነት ይሁን ይሉኛል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ለእኔ ተይው። ፋት 32 ነው።»

«ሳትጠይቀኝ?»

«ጠይቄ አላውቅም። የዚህ ሰፈር ቴሌቪዥን ሁሉ ሌላ አያነብም። ዲስክ እጄ ከገባ እጄ ራሱ ይሠራዋል፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን።» አንገቱ ላይ ያለውን ፍላሽ መታ መታ አደረገ። «መሣሪያዬ ሁሉ እዚህ ነው።»

«ፓራፋንጎው ያምራል።»

«አሮጌው ዝጎ ወደቀ።»

«መቼ?»

«ማን ያስታውሳል» አለ ኦስሜል፣ ግን ዓይኑን ከእሷ ወደ ወረቀቱ አዞረ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ኤቫሪስቶ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ኤኔይዳ አንዱን ወንበር ያዘች። መምህር ባሮ ግድግዳ ተደግፏል። ኦስሜል ምድጃው አጠገብ ቆሞ በሞተሩ ቁልፍ ይጫወታል። ያኒሴትን እጇን በካቴና አስረው አመጧት፤ ቤቷን እንደ እንግዳ ሰው ቆማ ዙሪያውን አየች። ሻምበል ሶካራስ ሰዓቱን እያየ ነው።

«ሠላሳ ደቂቃ አለሽ» አላት።

«አይፈጅብኝም» አለች ሚግዳሊያ። መጋረጃውን ጠርጋ መሰላሉን ለሁሉም አሳየች። «ሻምበል፣ ይህች ልጅ የታሰረችው በአንዲት ቁጥር ነው። ሰውየው አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ዲስክ ፎርማት አድርጎ ጨርሷል፣ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ነበር ተብሎ። እኔ የማሽን ነገር አላውቅም። የማላውቀውን ግን እጠይቃለሁ። ጠየቅሁ። ሥራው ያለቀው አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ነው። የተጀመረው ዘጠኝ ከሃምሳ ላይ ነው። እሳት ላይ ድስት ጥዶ የሚሄድ ሰው፣ ውኃው ሲፈላ እቤት መኖር አለበት?»

«ራሱ ኤቫሪስቶ ጀምሮት ይሆናል» አለ ሻምበሉ።

«እሱንም ልንገርህ። ኤቫሪስቶ ያንን ዲስክ የገዛው ለአንድ ነገር ነው። አሥራ አንድ ጊጋ የሚሆን፣ ያልተቆረጠ፣ የወይዘሮ ኤኔይዳ የልጅ ልጅ ድግስ። አሮጌው ዲስክ እየሞተ ስለነበር፣ ሐሙስ ማታ መምህሩ ከወጣ በኋላ ራሱ ወስኖ አዲሱ ላይ አዛወረው። ዛሬ በአሮጌው የለም፣ በካሜራው ካርድ ላይም ሌላ ድግስ ተቀርጾበታል። ትናንት ታጥቦ የጠፋው ያ ነው። አጣቢው ደግሞ ሲጨርስ መደርደሪያውን በየትኛው ዓይነት ሠራው? አሥራ አንዱን ሊይዝ በማይችለው። መምህር፣ ኤቫሪስቶ ይሄን ያደርግ ነበር?»

«ዓይኑን ታውሮ ቢሆን እንኳ አያደርገውም» አለ ባሮ።

«አንተስ?»

«እኔ?» መምህሩ የተሰደበ መሰለ። «ከሊኑክሱ ሌላ በእጄ ሠርቼ አላውቅም።»

«አያደርገውም፤ ዘጠኝ ከሃምሳ ላይም ተማሪዎቹ ፊት ነበር። ያኒሴት ደግሞ በዚያ ሰዓት ፀጉር ቤት ነበረች፤ አንዲት ስልክ ደውዬ ነው ያረጋገጥኩት፣ አንዲት። እንግዲህ ልብ በሉ። መብራት ጠፍቷል። ኤኔይዳ ጓሮ ናት፣ በሩ ላይ ማንም የለም። አንድ ሰው ይወጣል። ቆጡ ላይ ይነጋገራሉ፤ ሐሙስ የጠየቀውን መልሶ ይጠይቃል፣ ቁረጥልኝ ይላል። ኤቫሪስቶ አልቆርጥም ይላል። ዘጠኝ ከአርባ ላይ መብራት ይመጣል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጮሃል። ሸሚዙን ደረቱ ላይ ይዞ የገፋው በዚያች ቅጽበት ነው። ድምፁን የሰማች አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ሳቀች።»

ኤኔይዳ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ከዚያስ? ከታች ሰው እየሞተ፣ ገፊው ቆጡ ላይ ቆየ። ማሽኑን አስነሳ። ፈጣኑ ፎርማት አይበቃውም፤ በፈጣኑ የጠፋ ነገር ተመልሶ እንደሚወጣ ያውቃል፣ ሥራው ነውና ግድግዳው ላይ ጽፎ ለጥፎታል። ስለዚህ ዘገምተኛውን መረጠ። ዓይነቱን ሲመርጥ ግን አላሰበም። እጁ ነው የመረጠው። ለሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ የሚሠራው አንድ ዓይነት ነው፣ ጠይቆም አያውቅም። ሌላ የትኛውንም አድርጎት ቢሆን፣ ኤቫሪስቶ ራሱ ነው የሠራው ብለን በተቀመጥን ነበር። ኦስሜል፣ ፍላሽህን አውልቅ።»

ኦስሜል ሳቀ። «ነፍሴ፣ ፋት 32 የሚሠራ ሰው በሃባና ስንት ነው?»

«ብዙ ነው። ትናንት ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ እዚህ ማሽን ላይ የተሰካው ፍላሽ ግን አንድ ነው። ማሽኑ ቁጥሩን ይዞታል። አንተ ከሰኞ ወዲህ አልረገጥኩም ብለሃል። አውልቅ።»

አላወለቀም። ቴክኒሺያኑ ነው ከአንገቱ ላይ ያወጣው። በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከወረቀቱ ላይ ያለውንም አነበበ። አንድ ነው። ትንሿም ፕሮግራም እዚያው ውስጥ አለች።

ሻምበሉ ቆቡን አወለቀ፣ ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም።

«ቪዲዮው ላይ ያለውን አላየሁም» አለች ሚግዳሊያ ቀስ ብላ። «ከእንግዲህም ማንም አያየውም። ግን ካሜራው የነበረው በዚህ በረንዳ ላይ ነው፣ ማዕዘኑን ያያል። ኒካኖር የተገጨው በዚያ ማዕዘን፣ በዚያ ሰዓት ነው። ያንተ ሞተር ደግሞ የፊት ፓራፋንጎው አዲስ ነው።»

«ዘሎ ነው የገባብኝ» አለ ኦስሜል። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ሁሉ ወርዶ አልቋል። «ልጅቷን ሊያይ ዘሎ ነው የገባው። ምን ላድርግ? ኤቫሪስቶን ሁለት ሴኮንድ ነው የጠየቅሁት። የሰው ሁሉ ሰካራም አክስት ይቆርጣል፣ ለእኔ ሁለት ሴኮንድ ቢቆርጥ ምን ይሆናል? ፖሊስ ጋ ወስጄ ነው የማሳየው አለኝ። እምቢ ያለው እሱ ነው።»

ኤኔይዳ ተነሳች። ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ፊቱን መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ድምፅ አላወጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ማንም አላስቆማትም። ሻምበሉ እንኳ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆየ። ትንፋሽ ሲያጥራት ራሷ አቆመች።

«ካቴናውን ፍቱ» አለች ሚግዳሊያ። «ከእሷ ላይ ፈታችሁ እሱ ላይ አድርጉት።»

ኦስሜልን አወረዱት። ያኒሴት የእጅ አንጓዋን እያሻሸች መሃል ወለል ላይ ቆማለች። ኤኔይዳ ባንድ እግሯ ጫማ፣ ባንድ እግሯ ባዶዋን ወደ እሷ ተጠጋች።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ሐዘን ዓይኔን ጋርዶት ነው።»

«ትናንት ወደ መኪናው ሲጎትቱኝ ጠራሁሽ» አለች ያኒሴት። «ኤኔይዳ፣ ንገሪያቸው አልኩሽ። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ታውቂኛለሽ። መስኮቱን ዘጋሽው።»

«ልጄ...»

«ውጪ።» ወደ ሻምበሉ ዞረች። «አንተም። እጁ በረዶ ነው ስላችሁ ድንጋጤ ነው ያላችሁኝ። መምህር፣ አንተም ውጣ፤ ለዲስክ ስትጨቃጨቅ የምታውቀውን ዓርብ ማታ መጥተህ ብትናገር እዚያ አላድርም ነበር።»

«ማን ጠራኝ?» አለ ባሮ፣ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«ለመፈቺያው ወረቀት አለ፣ መፈረም...» ብሎ ሻምበሉ ሲጀምር ሚግዳሊያ ክንዱን ያዘችው። አያያዟ የሲጋር ቅጠል ስትጨምቅ የኖረች ሴት አያያዝ ነበር።

«ውጡ ተብለናል» አለችው።

«አንቺንም ነው» አለቻት ያኒሴት። «አመሰግናለሁ። አንቺም ውጪ።»

ሚግዳሊያ አልከፋትም። እሷም ብትሆን እንደዚሁ ታደርግ ነበር። ሁሉንም ወደ ደረጃው ነዳቻቸውና በመጨረሻ ወጣች። ሦስት ደረጃ እንደወረደች በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያውም ወደቀ። ከትናንት ማታ ጀምሮ በዚያች ልጅ ላይ የተዘጋው በር ሁሉ ከውጭ ነበር የተቆለፈው። ይሄኛውን ራሷ ከውስጥ ቆለፈችው።